አፈሩ በአንድ ደብተር፣ ዕፅዋቱ በሌላ ደብተር፦ በሀዋሳ ዙሪያ መሬትን ለጥበቃ ዕቅድ የመመደብ አሠራር

በሀዋሳ ሐይቅ ተፋሰስ ውስጥ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ዕቅድ ለማውጣት የሚነሣ ባለሙያም ሆነ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አስቀድሞ የሚጠበቅበት ሥራ የመሬት ምደባ ነው፤ ይኸውም የትኛው ቦታ እንደሚታረስ፣ የትኛው እንደሚከለል፣ የትኛው እርከን እንደሚሠራለት ለመወሰን መሬቱን እንደ ባሕርዩ ከፋፍሎ በካርታ ላይ ማስፈር ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ምደባው በአፈርና በዕፅዋት ላይ ተመሥርቶ እንዴት እንደሚከናወን ያሳያል። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ፦ የአፈሩና የዕፅዋቱ መረጃ የመስኩ ሥራ እስኪያልቅ ድረስ በሁለት የተለያዩ ደብተሮች መያዝ አለበት። አፈሩ መሬቱ ምን ሊሸከም እንደሚችል ያሳያል፤ ዕፅዋቱ ደግሞ መሬቱ እስካሁን ምን እንደ ደረሰበት ያሳያል። ዕቅዱ የሚወጣው ሁለቱ ከማይስማሙበት ቦታ ነው፤ ገና መስክ ላይ ሳሉ በአንድ ስም ከተጠሩ ግን አለመስማማታቸው ከካርታው ላይ ይጠፋል።

ይህን የተማርሁት ተሳስቼ ነው። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት አንድ ኮረብታ ላይ ወጥቼ «ቁጥቋጦ የለበሰ ቀይ አፈር» የሚል ምድብ ፈጠርሁና ኮረብታውን ሙሉውን በአንድ ቀለም ቀባሁት። ቁጥቋጦው ከላይ እስከ ታች ክትክታ ስለ ነበረ ከሥሩ ያለውም አፈር አንድ ዓይነት መሰለኝ። በኋላ ሲቆፈር ግን በላይኛው ወገብ ላይ ያለው አፈር ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ፣ በታችኛው ወገብ ላይ ያለው ከአንድ ሜትር በላይ የሚወርድ ሆኖ ተገኘ። ይህ የታወቀው ደግሞ በካርታዬ መሠረት ችግኝ በሁለቱም ወገብ እኩል ተተክሎ፣ የላይኛው ዓመት ሳይሞላው ከደረቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ደብተር ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም።

ወሰንና ወቅት

የምደባው ወሰን ቀበሌ ሳይሆን ውኃ የሚከተለው መስመር መሆን አለበት። የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የማኅበረሰብ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ለአንድ ዕቅድ የሚመች የተፋሰስ ስፋት ከ200 እስከ 500 ሄክታር መሆኑን ያመለክታል፤ እኔም በእግር ተዘዋውሮ ለሚሠራ ቡድን ከዚህ የሚሰፋ ቦታ አልመክርም። በሀዋሳ ዙሪያ ይህ ጉዳይ ከሌላው አካባቢ የከበደ ነው። ሐይቁ በምድር ላይ የሚፈስ መውጫ የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝም ጥቁር ውኃ ብቻ ነው። ከወንዶ ገነት ዳገት የለቀቀው አፈር በጨለለቃ ረግረግ ካልተያዘ ማረፊያው ሐይቁ ራሱ ነው፤ ወደ ሌላ አገር አያልፍም። ጨለለቃ ቀድሞ ሐይቅ እንደ ነበረና ዛሬ ረግረግና ግጦሽ እንደ ሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ወቅቱን መምረጥ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጉዳይ ነው። በሀዋሳ የበልግ ዝናብ መጋቢት ገደማ ይጀምራል፤ ክረምቱም እስከ መስከረም ይዘልቃል። በየካቲት መጨረሻ ከብቱ ግጦሹን ጨርሷል፤ የበቆሎው አገዳም ለማገዶና ለመኖ ተለቅሟል። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ የሚያርፈው በዚህ ራቁቱን በቀረ መሬት ላይ ስለ ሆነ የዕፅዋት ሽፋን ዋናው ልኬት በየካቲት መወሰድ አለበት። ሁለተኛው ልኬት በጥቅምት ይደገማል፤ የሁለቱ ልዩነት ሲታይ ሣሩ የጠፋው በግጦሽ ይሁን መሬቱ ማብቀል አቅቶት መለየት ይቻላል። የአፈር ጉድጓድ ግን ከጥቅምት እስከ ኅዳር ቢቆፈር ይሻላል። በዚያን ጊዜ አፈሩ ርጥበት ስለሚኖረው ቀለሙ በግልጽ ይታያል፤ በየካቲት የዚህ አካባቢ አፈር ከጣት ላይ እንደ ዱቄት ስለሚበተን በዳሰሳ ለመለየት ያስቸግራል።

የሳተላይት ምስል ይረዳል፤ ይሁን እንጂ መሬቱን አይተካም። በነፃ የሚገኘው ሴንቲኔል-2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ምስል አንድ ነጥቡ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት የከፍታ መረጃ ደግሞ አንድ ነጥቡ 30 ሜትር ነው። አራት ሜትር ስፋት ያለው ቦረቦርም ሆነ ገበሬው ከአባቱ የወረሰው የድንጋይ እርከን በ30 ሜትር ነጥብ ውስጥ ይሰወራል። ስለዚህ ምስሉን የምጠቀመው ለአንድ ዓላማ ብቻ ነው፦ ጉብታውን፣ ወገቡን፣ ግርጌውንና ረግረጉን በእርሳስ ቀድሞ ለመለየትና የትኛውን መስመር ይዤ እንደምሄድ ለመወሰን። የጉዞው መስመር ከአናት ወደ ግርጌ ተዳፋቱን ቁልቁል የሚቆርጥ መሆን አለበት። መንገድ ተከትሎ የሚሠራ ምደባ የሚያሳየው የመንገድ ዳር ባሕር ዛፍን ነው፤ እንዲህ ያለ ካርታ ደግሞ ብዙ አይቻለሁ።

ተዳፋት

ተዳፋትን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት እንጨት፣ 10 ሜትር የማይሳብ ገመድ፣ በገመዱ መካከል የሚንጠለጠል ትንሽ የግንበኛ ውኃ ልክ እና ሜትር ይበቃሉ። ታች የቆመው ሰው ገመዱን ከእንጨቱ አናት ላይ ይይዛል፤ ላይ የቆመው ደግሞ ውኃ ልኩ ቀጥ እስኪል ድረስ ገመዱን በእንጨቱ ላይ ዝቅ ያደርጋል። ከእንጨቱ አናት እስከ ገመዱ ያለው ርቀት 1.2 ሜትር ከሆነ በ10 ሜትር ውስጥ ያለው ተዳፋት 12 በመቶ ነው። ዳገቱ በርትቶ ገመዱ መሬት ከነካ በ5 ሜትር ገመድ ለክቶ ውጤቱን በ20 ማባዛት ይቻላል።

እዚህ ላይ በየጊዜው የሚደገም ስሕተት አለ። በእጅ ስልክ ላይ የሚጫኑት የተዳፋት መለኪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩት ዲግሪ ነው፤ ሕጉና መመሪያው ግን የሚናገሩት በመቶኛ ነው። 45 ዲግሪ 100 በመቶ ነው፤ 60 በመቶ 31 ዲግሪ ገደማ፣ 30 በመቶ ደግሞ 17 ዲግሪ ገደማ ነው። ስልኩ 31 ሲል 31 በመቶ ብሎ የመዘገበ ሰው ጨርሶ ሊታረስ የማይገባውን ዳገት በጠረጴዛ እርከን ይታረስ ብሎ ፈረደ ማለት ነው። ወሰኖቹን ያስቀመጠው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ሲሆን ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይገባበት፣ ይልቁንም ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲውል፣ ከ30 እስከ 60 በመቶ የሆነው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ጠረጴዛማ እርከን ሲሠራለት ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። አዋጁ ኋላ በሌላ ቢተካም እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በመስክ ሥራ ላይ እስከ ዛሬ መነሻዎቻችን ናቸው።

የአፈሩ ደብተር

የሀዋሳን አፈር ለመረዳት ከእሳተ ገሞራ መነሣት ያስፈልጋል። ከተማዋ ያረፈችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ከሐይቁ በስተሰሜን የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አለ። ሜዳውን የሸፈነው አመድና ፑሚስ የመጣው ከዚህ ዓይነቱ ፍንዳታ ነው። ፑሚስ ማለት የብሎኬት ሠሪዎች የሚፈልጉት ያ ቀላል፣ ነጣ ያለና እንደ ዳቦ የተቦረቦረ ድንጋይ ነው። በምሥራቅ በኩል ወደ ወንዶ ገነት ሲወጣ አፈሩ እየቀላና ሸክላው እየበዛ ይሄዳል፤ በኮረብታዎቹ ትከሻ ላይ ይሳሳል፤ በጨለለቃና በጥቁር ውኃ ዳር ይጠቁራል፣ ውኃም ይቋጥራል። ይህ ቅደም ተከተል አስቀድሞ በእርሳስ ሊሣል ይችላል፤ ነገር ግን በየወገቡ አንድ አንድ ጉድጓድ ሳይቆፈር በቀለም አይጻፍም።

ጉድጓዱን የት እንቆፍር የሚለው ጥያቄ ቀላል መስሎ ብዙዎችን ያሳስታል። በሲዳማ አካባቢ ከቤት ጓሮ የሚገኘው የእንሰት ቦታ ለብዙ ዘመን ፍግና ጥራጊ ሲጣልበት የኖረ ስለ ሆነ ጥቁርና ለስላሳ ነው። ገበሬው እንግዳውን ባለሙያ በትሕትና የሚወስደው ወደዚሁ ጓሮ ነው፤ ጥላ አለው፣ ቡናም ቅርብ ነው። ከዚያ የተቆፈረ ጉድጓድ የሚናገረው ግን ስለ ባለቤቱ ትጋት እንጂ ስለ አካባቢው አፈር አይደለም። የእንሰቱን ጓሮ ራሱን የቻለ ምድብ አድርጎ መመዝገብ፣ ወካዩን ጉድጓድ ደግሞ ከቤት ርቆ በማሳው መካከል መቆፈር ይገባል። እንዲሁም ከአሮጌ እርከን አጠገብ፣ ከጉንዳን ኩይሳ ላይና ከመንገድ ቁርጥ ፊት መቆፈር አይገባም። የመንገድ ቁርጥ ለማየት ጥሩ ነው፤ ለመመዝገብ ግን ፊቱ ደርቆ የቆየ ስለ ሆነ ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ ተቆርጦ መታየት አለበት።

ከከተማው በስተምሥራቅ ባለ ሜዳ ላይ የተቆፈረ አንድ ጉድጓድ እንደ ምሳሌ ልግለጽ። የላይኛው 18 ሳንቲ ሜትር ቡናማ፣ ሥር የበዛበትና በእጅ የሚፈረፈር አፈር ነበር። ከዚያ በታች እንደ ተቆረጠ መስመር ቀጥ ብሎ ግራጫ-ነጭ የፑሚስ ንጣፍ ይጀምራል። የበቆሎው ሥር እስከ ንጣፉ ድረስ ቀጥ ብሎ ወርዶ ከዚያ ወደ ጎን ታጥፏል። አካፋው ንጣፉን በቀላሉ ስለ በሳው ያልተጠነቀቀ ሰው «ጥልቅ አፈር» ብሎ ሊመዘግበው ይችል ነበር። ለዚህ ነው ጥልቀት የሚለካው አካፋ እስከሚገባበት ሳይሆን ሥር እስከሚሄድበት መሆን ያለበት። እኔ የምጠቀምባቸው የጥልቀት ወሰኖች 25፣ 50፣ 100 እና 150 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ከ25 በታች የሆነ ቦታ ተዳፋቱ ምንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ለዓመታዊ ሰብል አልሰጠውም።

የአፈሩን ሸካራነትና ልስላሴ ለማወቅ አንድ እፍኝ ወስዶ ጠጠሩን ለቅሞ በውኃ ለውሶ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል እየገፉ ማስረዘም ነው። ጥብጣብ የማይሠራው አሸዋማ ነው፤ 2.5 ሳንቲ ሜትር ሳይደርስ የሚቆረጠው አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ የተመጣጠነበት ነው፤ እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ሸክላ የሚያመዝንበት ነው፤ ከዚያ የሚረዝመው ሸክላ ነው። በዚህ አካባቢ ግን የፑሚስ ቅንጣት መጀመሪያ እንደ አሸዋ ይሻክራል፣ ሲታሽ ደግሞ ይደቅቅና እንደ ደለል ይለሰልሳል። በአሥር ሰከንድ የፈረደና ሁለት ደቂቃ ያሸ ሰው ሁለት የተለያየ መልስ ይዘው ይመለሳሉ። እኔ ሁለት ደቂቃ አሻለሁ፤ መጀመሪያ የተሰማኝንና በመጨረሻ የተሰማኝንም ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ይህን ለማረጋገጥ ሕዝቡ ሃይላንድ በሚለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሶውን አፈር፣ ቀሪውን ውኃ ሞልቶ በደንብ መናጥና ማስቀመጥ ነው። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይረጋል፣ ደለሉ በሰዓታት፣ ሸክላው እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። እዚህ ግን ለደጋ ሰው እንግዳ የሆነ ነገር ይታያል፤ ፑሚሱ ይንሳፈፋል። በጠርሙሱ አንገት ላይ የተሰበሰበውን ቅንጣት ውፍረት መለካት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም በጠርሙስ ውስጥ የሚንሳፈፍ አፈር በማሳ ላይም ከጎርፍ ጋር ተንሳፍፎ ይሄዳል። ቀላል የሆነው ይህ አፈር ውኃን ቶሎ ያሰርጋል፤ ነገር ግን ጎርፉ አንድ ጊዜ መንገድ ካገኘ ግድግዳው ቀጥ ያለ ቦረቦር ይቆርጣል፣ አንዳንዴም ላዩ ሳይፈርስ ውስጥ ለውስጥ ቦይ ይከፍታል። አንድ አዛውንት «አባቴ፣ ይህን አፈር ምን ትሉታላችሁ?» ብዬ ብጠይቃቸው «ጠጥቶ የማይጠግብ» ብለው መለሱልኝ፤ በደብተሬም ላይ የሰፈረው ይኸው ነው። ገበሬው የሚጠራበትን ስም ቃል በቃል መመዝገብ በኋላ ካርታውን ለማስረዳት ከየትኛውም ሳይንሳዊ ስያሜ ይበልጥ ያገለግላል።

ቀለምን በተመለከተ፣ የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1985 ከአንድ ቦታ በዓመት የሚታጠበውን አፈር ለመገመት የሚያገለግለውን ማስሊያ ለኢትዮጵያ ሲያስማማ አፈር ለመሸርሸር ያለውን ተጋላጭነት በቀለም ለመገመት የሚያስችል ቀላል ሠንጠረዥ አቅርቧል፦ ለጥቁር 0.15፣ ለቡናማ 0.20፣ ለቀይ 0.25፣ ለቢጫ 0.30። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አፈሩ በቀላሉ ይታጠባል። ለወንዶ ገነት ቀይ አፈር ሠንጠረዡን ያለ ማመንታት እጠቀምበታለሁ። ነጣ ያለው የሀዋሳ ሜዳ አመድ ግን ከአራቱ ቀለሞች በአንዱም አይጠራም፤ በግድ ከቢጫው ወይም ከቡናማው ጋር ከማዳበል «አመዳማ» ብሎ ለይቶ የጠርሙሱን ውጤት አብሮ መጻፍ የበለጠ ታማኝ ነው።

የውኃ መተኛትን ለማወቅ የጉድጓዱን ግድግዳ መመልከት ይበቃል። ዝገት የመሰሉ ነጠብጣቦች ወይም ወደ አመድማ የሚያደላ ግራጫ ቀለም ከገጹ እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ክፍል ውስጥ ከታየ ያ ቦታ በየዓመቱ ለረጅም ጊዜ ውኃ ይተኛበታል፤ በእንዲህ ያለ ቦታ የውኃ ማሰባሰቢያ ትሬንች ማስቆፈር ገንዘብ ማባከን ነው። ከሐይቁ ዳር በበጋ የሚታየው ነጭ ቅርፊት የጨው ምልክት ስለ ሆነ እርሱም ለብቻው ይመዘገባል።

የዕፅዋቱ ደብተር

ሽፋንን በዓይን ብቻ የሚገምት ሰው ሁልጊዜ አብዝቶ ይገምታል፤ ዓይናችን ወደ ዛፉ እንጂ ወደ እግራችን አያይም። የተሻለው ዘዴ ርምጃ መቁጠር ነው። በምድቡ ውስጥ መቶ ርምጃ በቀጥታ መስመር ይሄዳሉ፤ በእያንዳንዱ ርምጃ የጫማዎ ጫፍ ምን እንደ ነካ ይመዘግባሉ፦ ሕያው ተክል፣ የረገፈ ቅጠል ወይም ገለባ፣ ድንጋይ፣ ባዶ አፈር። በዚያው ርምጃ ቀና ብለው ከራስ በላይ ቅርንጫፍ መኖር አለመኖሩን በሌላ ዓምድ ያሰፍራሉ። ሁለቱን ዓምዶች መደመር አይገባም። የባሕር ዛፍ ተክል በላይኛው ዓምድ 80 አግኝቶ በታችኛው ዓምድ ከመቶ 58ቱ ባዶ አፈር ቢወጣ ያ መሬት የተራቆተ ነው እንጂ ደን አይደለም። ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ በሚወሰድበት ቦታ ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ተሰብስቦ የሚወርደው ጠብታ መሬቱን ከተራው ዝናብ ባላነሰ ይደበድበዋል።

ይህ ልዩነት ለምን እንደሚያስጨንቅ የሁርኒ ቁጥሮች ያስረዳሉ። ጥቅጥቅ ላለ ደን የተሰጠው የሽፋን ቁጥር 0.001፣ ጥቅጥቅ ላለ ሣር 0.01፣ ለተራቆተ ሣር 0.05፣ ለበቆሎና ለማሽላ 0.10፣ ለጤፍ 0.25 ነው። በአንድ ዓይነት አፈርና በአንድ ዓይነት ተዳፋት ላይ የጤፍ ማሳ ጥቅጥቅ ካለ ሣር 25 እጥፍ አፈር ያጣል ማለት ነው። ከራስ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ አይቶ «ደን» ብሎ የመዘገበ ሰው 0.001 ይወስዳል፤ እግሩ ሥር ያለው ግን ከተራቆተ ሣር አይሻልም። የአንድ ቃል ስሕተት ስሌቱን 50 ጊዜ ያዛባዋል።

የተክሉ ዓይነትም የመሬቱን ታሪክ ይናገራል። ክትክታና አጋም የወረሱት ወገብ ቀድሞ ተመንጥሮ ወይም በግጦሽ ተጎድቶ አሁን በማገገም ላይ ያለ ነው። በማሳ መካከል ብቻውን የቆመ ዝግባ ወይም ጥቁር እንጨት በዚያ ቦታ ደን እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ ዋንዛና ብሳና ግን ገበሬው ለጥላና ለቅጠሉ ሆን ብሎ የሚያቆያቸው ስለ ሆኑ በእነርሱ ብቻ ደን ነበረ ብሎ መደምደም አይቻልም። ፊላና ቀጠማ ውኃ የሚተኛበትን ወሰን ከየትኛውም መሣሪያ በላይ አጥርተው ያሳያሉ። በበቆሎ ወይም በማሽላ ማሳ ላይ አቀንጭራ ከታየ ለምነቱ የተሟጠጠ አፈር ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ ጥርጣሬው ግን በዕፅዋቱ ደብተር ይቀመጥ፣ ወደ አፈሩ ደብተር አይሻገር።

ማመሳከሪያ የሚሆን ያልተነካ ቦታ መፈለግም አስፈላጊ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም ሽማግሌዎች የሚጠብቁት የአሮጌ ዛፍ ጥላ ካለ በባለቤቶቹ ፈቃድ ከዚያ አንድ ትንሽ ጉድጓድ፣ ከአጠገቡ ካለው ማሳ ደግሞ ሌላ ይቆፈራል፤ የጥቁሩ ንጣፍ ውፍረት ልዩነት ማሳው ምን ያህል እንዳጣ ያሳያል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላሳስብ። በሲዳማ ጉዱማሌ የሚባለው የጋራ ሜዳ በብዙ ካርታ ላይ «ባዶ መሬት» ተብሎ ይጻፋል። ባዶ አይደለም፤ ሣር አለው፣ ባለቤት አለው፣ ሕግ አለው። ባዶ ተብሎ የተጻፈ መሬት ደግሞ ችግኝ ይተከልበት መባሉ አይቀርም፤ ኋላ ጠቡን የሚያነሣው ይህ ነው።

ሁለቱን ደብተሮች ማገናኘት

አሁን መጀመሪያ የአፈሩ ደብተር ብቻ ይከፈትና እያንዳንዱ ወገብ በአቅሙ ይመደባል። በአሜሪካ የአፈር ጥበቃ ባለሙያዎች ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመው ባለ ስምንት ደረጃ የመሬት አቅም ምደባ አሁንም ከሁሉ የሚመች ነው፦ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያለው እየጨመረ በሚሄድ ጥንቃቄ ሊታረስ ይችላል፤ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ያለው ለግጦሽ፣ ለደን ወይም ለጥበቃ ብቻ ይውላል። አምስተኛው ደረጃ ብዙዎችን ግራ ያጋባል፤ ሜዳ ሆኖ ሳለ በውኃ መተኛት ወይም በድንጋይ ብዛት የማይታረስ መሬት ነውና። የጨለለቃ ዳርቻ ጥሩ ምሳሌው ነው። ከደረጃው ቁጥር ጎን የሚያግደው ምክንያት በፊደል ይጻፋል፤ እኔ ለመሸርሸር «ሸ»፣ ለውኃ መተኛት «ው»፣ ለሥር ማደጊያ ማጠር «ሥ»፣ ለአየር ንብረት «አ» እጠቀማለሁ።

ደረጃው የሚወሰነው በከፋው እንቅፋት እንጂ በአማካይ አይደለም። ከላይ የገለጽሁት የፑሚስ ጉድጓድ ያለበት ሜዳ ተዳፋቱ 4 በመቶ ነው፣ አፈሩ ይታረሳል፣ ውኃ አይተኛበትም፤ ሦስት ጥሩ ውጤት አለው። ሥር የሚወርደው ግን 18 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ደረጃው «ስድስት፣ ሥ» ነው። ሦስቱ ጥሩ አንዱን መጥፎ አይክሱትም።

ከዚያ የዕፅዋቱ ደብተር ይከፈትና በየካቲት የተወሰደው የባዶ አፈር ቁጥር በእያንዳንዱ ወገብ ላይ ይጻፋል። እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ቦታ ይገኛል። አንደኛው አቅሙና ሽፋኑ የተስማሙበት ነው፤ እርሱን እንዳለ መተው ይቻላል። ሁለተኛው አፈሩ ጥልቅና ጥሩ ሆኖ ሽፋኑ የጠፋበት ነው፤ ብዙ ጊዜ የጋራ ግጦሽ ወይም የተተወ ማሳ ሲሆን ለሁለት ወይም ለሦስት ክረምት ከንክኪ ቢጠበቅ በራሱ ያገግማል። ሦስተኛው አቅሙ ደካማ ሆኖ ከአቅሙ በላይ የሚታረስ ነው፤ ስድስተኛ ደረጃ ላይ የተዘራ ጤፍ ለዚህ ምሳሌ ነው። ይህ ዓይነቱ ቦታ ከባለማሳው ጋር ረጅም ውይይት ይፈልጋል፤ እንሰት፣ የመኖ ሣር ወይም የፍራፍሬ ዛፍ በሰብሉ ምትክ የሚገባበትን መንገድ ሳያሳዩ አትረስ ማለት አይቻልም።

አልፎ አልፎ ደግሞ አራተኛ ይገኛል፦ ስስ አፈር ላይ የቆመ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ። በእኔ አስተያየት ከሁሉ ቀድሞ መከለል ያለበት ይህ ነው። አንድ ጊዜ ከተመነጠረ አፈሩ በጥቂት ክረምት ይታጠባል፣ የቀረው ዐለት ደግሞ በምንም ገንዘብ አይመለስም። ልማዳችን ግን ተቃራኒው ነው፤ ጉብኝት የሚመጣ ሰው የሚያየው ቦረቦሩን ስለ ሆነ በጀቱ ወደ ቦረቦሩ ክትር ይሄዳል፣ ቦረቦሩን የሚመግበው የላይኛው ወገብ ግን እንዳለ ይቀራል። ክትሩ በክረምቱ መካከል በደለል ሞልቶ ሲዘል ሥራው እንደገና ይጀመራል።

የሚመረጠው ሥራም በአፈሩ ዓይነት ይለያያል። በቀዩ ሸክላማ አፈር የአፈር እርከንና ትሬንች በደንብ ይይዛሉ። በፑሚሱ ሜዳና ግርጌ ግን ጥልቅ ትሬንች ውኃን ወደ ውስጥ አስገብቶ ከላይ የጠቀስሁትን የውስጥ ቦይ ሊከፍት ስለሚችል እኔ የደሾ ሣር ወይም የቬቲቨር ረድፍ በኮንቱር (ከፍታው እኩል በሆነ) መስመር ላይ መትከልንና ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ወደ ደኅና መውረጃ የሚመልስ ጥልቀት የሌለው ቦይ መሥራትን እመርጣለሁ። በዝሆኔ ሣር የተተከለ ጠርዝ መኖም ስለሚሰጥ ገበሬው ራሱ ይጠብቀዋል። በረግረጉ ዳር ደግሞ የሚሠራ ነገር የለም፤ ፊላውና ቀጠማው ደለሉን እየያዙ ስለ ሆነ እንዳይታረስ መጠበቅ ይበቃል።

ካርታው ከመጽደቁ በፊት

የምድቦቹ ወሰን በእርግጠኝነት በታየበት በደማቁ መስመር፣ በግምት በተሣለበት በተቆራረጠ መስመር ይሣል። ከዚያ ካርታው በቀበሌው ሰዎች ፊት ይዘረጋል፤ ለከብት ጠባቂ ልጆችና ማገዶ ለሚለቅሙ ሴቶችም ጭምር፣ ምክንያቱም ዳገቱን በየቀኑ የሚረግጡት እነርሱ ናቸው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ብሎ ከማስረዳት «ከእገሌ ዋርካ ጀምሮ እስከ ምንጩ» ብሎ ማስረዳት ያግባባል። ወሰኑ አይደለም ያሉትን ቦታ ምልክት አድርጎ እንደገና መሄድና አንድ ተጨማሪ ጉድጓድ መቆፈር ግድ ነው።

የመጨረሻው ማረጋገጫ የሚገኘው በዝናብ ነው። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዞ ጅረቶቹ በሚገናኙበት ድልድይ ወይም የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ አጠገብ መቆም፣ ከእያንዳንዱ ጅረት በሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ መቅዳት፣ በጠርሙሱ ላይ የጅረቱን ስምና ሰዓቱን መጻፍ ነው። በማግሥቱ ጠርሙሶቹን በመስኮት ላይ ደርድሮ ከሥራቸው የረጋውን ደለል በማስመሪያ መለካት፣ አናታቸው ላይ የተንሳፈፈውንም ፑሚስ መመልከት ይገባል። ብዙ ደለል የረጋበት ጅረት በካርታው ላይ «እንዳለ ይተው» ከተባለ ወገብ የሚመጣ ከሆነ ያንን ወገብ በየካቲቱ የርምጃ መዝገብ ላይ መልሶ ማየትና መስመሩን ማረም ያስፈልጋል።